ሻንሲው ቢበሰብስ መኪናው አበቃለት ማለት ነው?

ገበያ ላይ እንስራ የምትገዛ እናት አይታችሁ ከሆነ መጀመሪያ የምታደርገውን ታውቃላችሁ። እንስራውን አንሥታ በጣቷ ታንኳኳዋለች። ጥርት ብሎ ከጮኸ ትገዛለች። ድምፁ ከታፈነ የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ቢያምራትም መልሳ ታስቀምጠዋለች።

የአሮጌ ፒክአፕ ሻንሲም የሚመረመረው እንዲሁ ነው። የኔን የመረመሩልኝ ጎረቤታችን ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አዲስ አበባ ረጅም ዘመን በመካኒክነት ሠርተዋል፤ አሁን እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጡረታ ላይ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ትንሽ መዶሻ ይዘው በጀርባቸው መኪናው ሥር ገቡ። ከፊት ጀምረው ወደ ኋላ መታ መታ እያደረጉ ሄዱ። ቲን፣ ቲን፣ ቲን። ከኋላ አክሰሉ፣ ማለትም ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ከሚያገናኘው ብረት፣ በላይ ሲደርሱ ድምፁ ዱብ አለ። ደገሙት። በሦስተኛው መዶሻው ብረቱን በስቶ ገባ። የዝገት ቅርፊት ደረታቸው ላይ ረገፈ። ጣታቸውን በቀዳዳው ከተቱና እርጥብ ጭቃ ይዘው አወጡት። "ልጄ፣ ይኼ እኮ ብረት አይደለም፤ ቅጠል ነው" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያሳለፍነው አምስት ሳምንት ነው ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ። ብዙ ሰው ሻንሲ በሰበሰ ሲባል መኪናውን ለቁራጭ ብረት ይሸጣል። ሌላው ደግሞ ነገሩን ችላ ብሎ ልጆቹን ጭኖ ይነዳል። ሁለቱም መንገድ ሳይመረመር መወሰድ የለበትም።

መጀመሪያ ሻንሲ ምን እንደሆነ እንይ። ሁለት ረጃጅም ብረቶች ከመኪናው ፊት እስከ ኋላ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በመሐላቸው አግዳሚ ብረቶች አሉ። ቅርጹ መሰላል ነው። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ባሌስትራው (ክብደቱን የሚሸከመው የተደራረበ ብረት)፣ መሪው፣ የነዳጅ ታንኩ ሁሉ የሚታሰረው እዚህ መሰላል ላይ ነው። ጋቢናውና የጭነት ሳጥኑ ከላይ ይቀመጡበታል። ጋቢናው ከብረቱ ጋር በቀጥታ አይነካካም፤ በመሐል ወፍራም ጎማ ገብቶ በረጃጅም ብሎን ይታሰራል።

አብዛኞቹ የቤት መኪኖች እንዲህ ያለ የተለየ ሻንሲ የላቸውም። አካላቸውና ታችኛው ክፍላቸው አንድ ላይ የተበየደ ነው። ስለዚህ ታችኛው ክፍላቸው ሲበሰብስ ፈትቶ መቀየር የሚባል ነገር የለም። ፒክአፕ ግን ይፈታል። ብሎኑን ያስገባው ሰው ነው፣ ሰው ያወጣዋል። ይህን ሥራ ግቢ ውስጥ መሥራት የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለምን ይበሰብሳል? እዚህ አገር በረዶ ሲጥል መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ጨው ውኃ በረዶ የሚሆንበትን የቅዝቃዜ መጠን ዝቅ ያደርገዋል፤ መንገዱ ይከፈታል፤ የሰው ሕይወትም ይተርፋል። ችግሩ ያ ጨዋማ ውኃ ተረጭቶ መኪናው ሥር መግባቱ ነው። ብረት ሲዝግ በጣም ደካማ የሆነ ኤሌክትሪክ በብረቱና በውኃው መሐል ይመላለሳል። ጨዋማ ውኃ ደግሞ ኤሌክትሪክን ከንጹሕ ውኃ በጣም በተሻለ ሁኔታ ስለሚያስተላልፍ ዝገቱን ያጣድፈዋል።

የብዙ ፒክአፕ ሻንሲ ቢያንስ በከፊል ውስጡ ባዶ የሆነ ረጅም ሳጥን ነው። ጎኑ ላይ ቀዳዳዎች አሉ፤ ሥሩ ላይ ደግሞ ውኃ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች። ጭቃ ከጎን ይገባል፣ የታችኛውን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ጨዋማው ውኃ እዚያው ይተኛል። እንግዲህ ብረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚበላው። ላይ ላዩን ጥቁር ቀለም ያለው ጤነኛ ብረት ይመስላል። ውስጡ ግን እንደ ሽንኩርት ተልጦ አልቋል። በዓይን ማየት ብቻውን የማይበቃውና መዶሻ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ነገሩ የጥቂት ሰዎች ገጠመኝ አይደለም። ቶዮታ በ2008 እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2000 ለተሠሩ የታኮማ ፒክአፖች የሻንሲ ዝገት ዋስትናውን ወደ 15 ዓመት አራዘመ። ሻንሲያቸው ክፉኛ የተበሳባቸውን ከገበያ ዋጋቸው በአንድ ተኩል እጥፍ መልሶ ገዛ። ሻንሲውን ያቀርብ የነበረው ዳና የተባለው ኩባንያ በ2011 ለቶዮታ 25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2009 መጨረሻ ደግሞ ከ2000 እስከ 2003 የተሠሩ ወደ 110,000 የሚጠጉ ቱንድራ የተባሉ የቶዮታ ፒክአፖች ለጥገና ተጠርተዋል፤ ትርፍ ጎማውን የሚይዘው የኋላ አግዳሚ ብረት ተበልቶ ጎማው መንገድ ላይ ሊወድቅ ይችል ነበርና። ቶዮታ በሻንሲ ዝገት ከከሰሱት ባለቤቶች ጋር በ2016 በደረሰበት የፍርድ ቤት ስምምነት የ2005–2010 ታኮማ፣ የ2007–2008 ቱንድራና የ2005–2008 ሴኮያ የተባለው የቶዮታ መኪና ባለቤቶች ተካተቱ። ወደ 1.5 ሚሊዮን መኪና ማለት ነው። በዚያ ጉዳይ የከሳሾቹ ጠበቆች አንድ ሻንሲ በአዲስ መቀየር ወደ 15,000 ዶላር ያወጣል ብለው ገምተዋል። አንድ አሮጌ ፒክአፕ ከዚያ በታች ሊሸጥ እንደሚችል አስቡት፤ ሰው ቤቱ ውስጥ ለመሥራት ለምን እንደሚነሣ ይገባችኋል።

እነዚህ ዋስትናዎች የጊዜ ገደብ ነበራቸው፤ ለአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች አልፏል። ቢሆንም ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የአሜሪካ ብሔራዊ የመንገድ ደህንነት አስተዳደር (NHTSA) ድረ ገጽ ላይ የመኪናችሁን መለያ ቁጥር አስገቡ። ያልተሠራ የጥገና ጥሪ ካለ በነጻ ይነግራችኋል።

አገር ቤት የመንገድ ጨው የለም። እዚያ ሻንሲን የሚጎዳው ሌላ ነው። ከአቅም በላይ ጭነት፣ ኮረኮንች መንገድ፣ ግጭት። ብረቱ አይበሰብስም፣ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። ስንጥቁም ብዙውን ጊዜ ባሌስትራው የሚታሰርበት አካባቢ ይጀምራል። ጋሼ እንደሚሉት በወጣትነታቸው ስንት ሻንሲ በወፍራም ላሜራ ደግፈው በይደዋል። ይህን ያነሣሁት "ለምን ዝም ብለን አንበይደውም?" የሚለው ጥያቄ ሁሌም ስለሚመጣ ነው።

መልሱ በብረቱ ላይ ነው ያለው። የተሰነጠቀ ጤነኛ ብረት በጎበዝ በያጅ እጅ ይድናል። የበሰበሰ ብረት ግን ለብየዳው መያዣ የለውም። ቀዳዳውን ስትደፍኑ ጎኑ ይቀልጣል፤ እሱን ስትደፍኑ ሌላው። ጉዳቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነና በዙሪያው ያለው ብረት በመዶሻ ሲመታ የሚጮኽ ከሆነ፣ የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ብረት መበየድ ያስኬዳል። ያውም በባለሙያ። ጉዳቱ ሁለትና ሦስት ቦታ ከሆነ፣ ወይም ባሌስትራውና የፊት ጎማዎቹን የሚይዙት ክንዶች የሚታሰሩበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን እኔ በብየዳ አላምንም። ቨርጂንያና ፔንሲልቬንያን በመሳሰሉ ዓመታዊ ምርመራ ባለባቸው ግዛቶችም በዝገት የተበሳ ሻንሲ ከምርመራ ይወድቃል።

ስለዚህ ሌላ ሻንሲ መፈለግ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። አንድ ስም ያላቸው ፒክአፖች ሁሉ አንድ ሻንሲ የላቸውም። ለምሳሌ የመጀመሪያው ትውልድ ታኮማ ባለ አጭር ጋቢናው ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል 103.3 ኢንች ነው፤ ረጅሙ ጋቢና ያለው 121.9 ኢንች። በአራቱም ጎማ የሚጎትተውና በሁለት ጎማ ብቻ የሚጎትተውም ይለያያሉ። ጋቢናው፣ የሞተሩ ዓይነት፣ ካምቢዮው፣ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ መግጠም አለበት። ሻንሲውን ደግሞ ጨው ከማያውቃቸው ግዛቶች ፈልጉ፤ እንደ አሪዞና ካሉ ደረቅ አገሮች። የጭነቱ ወጪ ያዋጣል።

ያገለገለ ሻንሲ ስትገዙ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ከግራ ፊት አንድ ቀዳዳ መርጣችሁ ቀኝ ኋላ ካለው ቀዳዳ ድረስ በሰያፍ ለኩ። ቀጥሎ ከቀኝ ፊት ወደ ግራ ኋላ፣ በተመሳሳይ ቀዳዳዎች መሐል። ሁለቱ እኩል መምጣት አለባቸው። የጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት ይታለፋል፤ የጣት ውፍረት ያህል ከሆነ ያ መኪና ተጋጭቷል፤ ተዉት። ከዚያ መዶሻውን አውጡ።

የወረቀቱን ነገር ብዙ ሰው ይረሳዋል። የመኪናው መለያ ቁጥር ዳሽቦርዱ ላይና በር ላይ ብቻ ሳይሆን ሻንሲው ላይም ተመትቷል። የገዛችሁት ሻንሲ የሌላ መኪና ቁጥር ይዞ ይመጣል። ያንን ቁጥር መፋቅ፣ በግራይንደር ማጥፋት ወይም የራስን ቁጥር መምታት በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ወንጀል ሊሆን ይችላል። አትንኩት። ሻንሲው የወጣበትን መኪና ቁጥር የያዘ ደረሰኝ ተቀበሉና አስቀምጡ፤ የግዛታችሁን የተሽከርካሪ ጽሕፈት ቤት ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ሁለቱም ሰፍረዋል፤ የመኪናው ማንነት በነሱ ነው የሚታወቀው። ሳያስፈቅዱ ሻንሲ መቀየር በኋላ ቦሎም ሽያጭም ላይ ራስ ምታት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ጋሼ ያስተማሩኝ የመጀመሪያ ነገር ቁልፍ ሳይነካ ሳምንት ሙሉ ብሎኖቹን ዘይት ማጠጣት ነው። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት በየማታው ትረጫላችሁ። በዚያ ሳምንት ፎቶ አንሡ። እያንዳንዱን ቱቦ፣ እያንዳንዱን ሽቦ፣ ከቅርብም ከሩቅም። "አስታውሰዋለሁ" አትበሉ። ከአምስት ሳምንት በኋላ አንድ ሽቦ በየት በኩል እንደዞረ የሚያስታውስ ሰው የለም። የወጣውን ብሎን በላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ የየት እንደሆነ ጻፉበት።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ባትሪው ይነቀላል። ነዳጁ፣ የራዲያተሩ ውኃና ዘይቶቹ ይወጣሉ። የራዲያተር ፈሳሽ ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ልጅም ውሻም ይቀምሰዋል፤ ወዲያውኑ ከድናችሁ አስቀምጡ። የኤሲውን ጋዝ አየር ላይ መልቀቅ ክልክል ነው። እኛ የኤሲውን ቱቦ ጭራሽ አልከፈትንም፤ የኤሲውን ጋዝ የሚገፋውን ኮምፕረሰር ከሞተሩ ፈትተን ከነቱቦው ጋቢናው ላይ አሰርነው። ይህ በየመኪናው ላይሠራ ይችላል። ካልሆነ ፈቃድ ያለው ጋራዥ ጋዙን ይምጠጥላችሁ።

ቀጥሎ የጭነት ሳጥኑ ነው። ብዙውን ጊዜ በ6 ወይም በ8 ብሎን ነው የታሰረው። የነዳጅ መሙያውን አንገትና የኋላ መብራቱን ሽቦ ነቅላችሁ አራት ጠንካራ ሰዎች ያነሡታል። እኛ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወንድሞችን ጠርተን አነሣነው፤ ቡና እስኪፈላ እንኳ አልፈጀም። ሳጥኑ ሲነሣ ግማሹ ሻንሲ ከላይ ይታያል፤ ሥራውም ያን ጊዜ ገባኝ።

ጋቢናውን ከማንሣታችሁ በፊት ከጋቢና ወደ ሻንሲና ወደ ሞተር የሚሄደው ሁሉ መለያየት አለበት። ሽቦ፣ የፍሬን ቱቦ፣ የነዳጅ መስመር፣ የማሞቂያ ቱቦ፣ የማርሽ ዘንግ፣ የእጅ ፍሬን ገመድ፣ የመሪ ዘንግ። መሪው ላይ ቆም በሉ። ከመሪው ጀርባ የኤርባጉን ሽቦ የሚያገናኝ፣ እንደ ሰዓት ሞላ የተጠቀለለ ስስ ሪባን አለ። ዘንጉ ከተለያየ በኋላ መሪው ዝም ብሎ ከዞረ ይህ ሪባን ይበጠሳል። ጎማዎቹን ቀጥ አድርጉ፣ መጋጠሚያው ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉ፣ መሪውን በመቀመጫ ቀበቶው ጠፍራችሁ እሰሩት። የመለያየቱ ሥራ ደግሞ አድካሚ እንጂ ከባድ አይደለም።

የሚያስፈራው ማንሣቱ ነው። ጋቢናው ከነመቀመጫውና ከነበሩ ብዙ መቶ ኪሎ ነው። ሊፍት ያለው ጓደኛ ካላችሁ ይህን ሥራ እሱ ጋ ሠርታችሁ ተመለሱ። እኛ አልነበረንም። ሁለት ወፍራም የእንጨት ምሰሶዎች ከጋቢናው ወለል ሥር አሻገርን፣ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ። አራቱም ጫፎች ላይ ክሪክ ገባ። ጋሼ መሐል ቆመው ይቆጥራሉ፣ አራታችን እኩል እንመታለን። በየጥቂት ጣት ከፍታው ቆም እንላለን፤ ከምሰሶዎቹ ሥር ጣውላ እንደረድራለን፤ አንዱን በቁሙ ቀጣዩን በአግድሙ፣ የማገዶ እንጨት እንደሚደረደረው። ክሪክ የሚያነሣ እንጂ የሚሸከም አይደለም። ክብደቱ ማረፍ ያለበት በጣውላው ቁልል ላይ ነው።

አንዱ ጓደኛችን ጓሮ ያየውን ብሎኬት ይዞ መጣ። ጋሼ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። "ያንን አርቅልኝ!" አሉት። ልክ ነበሩ። ብሎኬት ሲሸከም ይቆይና ሳያስጠነቅቅ ይደቃል። እንጨት ግን መጀመሪያ ይጮኻል፣ ይሰነጠቃል፣ ለመሸሽ ጊዜ ይሰጣል። ሌላው ሕግ፣ ጋቢናው በክሪክ ላይ እያለ ማንም ሥሩ አይገባም። እጅም ቢሆን። የወደቀ መፍቻ ካለ ጣውላው እስኪገባ ይጠበቃል።

ጋቢናው ከሞተሩ በላይ ሲሆን አሮጌው ሻንሲ ከነሞተሩ ወደ ኋላ ተገፍቶ ይወጣል። ከዚያ ለአንድ ቀን በተከራያችሁት የሞተር ክሬን ሞተሩና ካምቢዮው ሳይለያዩ አንድ ላይ ተነሥተው ወደ አዲሱ ሻንሲ ይዛወራሉ። አክሰሉ ከነባሌስትራው፣ የፊት ክንዶቹ፣ ታንኩ እንዲሁ። የፊት ክንዶቹን የሚይዙት ብሎኖች ከውስጣቸው ካለው ብረት ጋር በዝገት ተጣብቀው እንቢ ሊሉ ይችላሉ። የኛዎቹ በዘይትም በእሳትም አልወጡም፤ በመጋዝ ቆረጥናቸው። ለእነሱ አዲስ ግዙ። ብሎን ስትተኩ ጭንቅላቱ ላይ ያለውን የጥንካሬ ቁጥር ተመልከቱ፤ 8.8 ወይም 10.9 ከነበረ ከዚያ ያነሰ አታስገቡ።

ሻንሲው ባዶውን በቆመበት ጊዜ መሠራት ያለባቸው ነገሮች አሉ፤ ዕድሉ ሁለተኛ አይመጣም። የፍሬን ቱቦዎቹን ሁሉ በአዲስ ቀይሩ። አሮጌው ቱቦ እዚያው ጨው ውስጥ ነው የኖረው። ከመዳብና ከኒኬል የተሠራው ዓይነት አይዝግም፣ በእጅም ይታጠፋል። የነዳጅ መስመሩም እንዲሁ። በጋቢናውና በሻንሲው መሐል የሚገቡትን ጎማዎች ለውጡ። የሻንሲውን ውስጥ በረጅም ቱቦ ጫፍ ላይ ባለ መርጫ ፀረ ዝገት ሰም ወይም ዘይት አጠጡት፤ ሥሩ ያሉት የውኃ ማውጫ ቀዳዳዎች ግን ክፍት ይሁኑ። ዝገት ላይ ወፍራም ጥቁር ሽፋን መቀባት አይረዳም፤ እርጥበቱን ከሥሩ አፍኖ ይይዘዋል።

ስትመልሱ ሁለት ነገር እንዳይረሳ። አንደኛው ከሞተሩና ከጋቢናው ወደ ሻንሲው የሚታሰሩት የኤሌክትሪክ መመለሻ ሽቦዎች ናቸው። ቀለም የተቀባ ሻንሲ ላይ ካሰራችኋቸው አይሠሩም፤ የሚያርፉበትን ቦታ እስከ ብረቱ ፍቁት። እኛ አንዱን ረስተን ሞተሩ አልነሣም ብሎን ግማሽ ቀን አቃጠልን። ሁለተኛው የባሌስትራውና የክንዶቹ ብሎኖች ናቸው። መጀመሪያ ላላ አድርጋችሁ አስገቧቸው፤ የመጨረሻው ማጥበቅ መኪናው በጎማዎቹ ላይ ቆሞ ክብደቱ ሲያርፍ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ከተጠበቁ ውስጣቸው ያለው ላስቲክ እንደተጠመዘዘ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። የጥብቀቱን መጠን ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ወስዳችሁ በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ።

ከዚያ ፍሬኑ ውስጥ የገባው አየር በደንብ እስኪያልቅ ይወጣል። አንዳንድ ፒክአፕ ላይ ከኋላ አክሰሉ በላይ በጭነቱ መጠን የኋላውን ፍሬን የሚያስተካክል ቫልቭ አለ፤ እሱም ውስጥ አየር ይቀራል፤ አትለፉት። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ሂዱና ቁሙ፣ ሂዱና ቁሙ። ቀጥሎ የጎማ አሰላለፉን ለማስተካከል በቀጥታ ወደ ጋራዥ። መቶ ማይል ያህል ከነዳችሁ በኋላ ሥሩ ተመልሳችሁ ግቡና እያንዳንዱን የጋቢናና የባሌስትራ ብሎን በቶርክ ቁልፍ ፈትሹ። እኛ ስንፈትሽ ሁለቱ ሩብ ዙር ያህል ተንቀሳቅሰዋል። ፀረ ዝገቱ ዘይት በየዓመቱ ይደገማል፤ ጋሼ ጊዜውን ለጥቅምት ወስነውልኛል፣ የመጀመሪያው ጨው ሳይበተን።